የዎከርስ ሾርትብሬድ፦ የአንድ ቤተሰብ ዳቦ ቤት ታሪክና የአራት ነገሮች አሠራር

ሾርትብሬድ የስኮትላንድ የቅቤ ብስኩት ነው። ቀይ የስኮትላንድ ጥለት የታተመበትን የዎከርስ ካርቶን ገልብጦ ጀርባውን ያነበበ ሰው የሚያገኘው አራት ነገር ነው፦ የስንዴ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ጨው። እንቁላል የለበትም፤ ወተት የለበትም፤ ቤኪንግ ፓውደርም ቫኒላም የለበትም። ከክብደቱ ሲሶ ገደማው ቅቤ ነው። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ነገር በገባበት ኬክ ውስጥ የደከመ ቅቤ በቫኒላ ይሸፈናል፣ የበዛ ማሸት በእንቁላልና በቤኪንግ ፓውደር ይካካሳል። እዚህ መሸሸጊያ የለም። ከዚህ መመሪያ አብዛኛው ስለ ቅቤ ቢሆን የሚገርም አይደለም፤ የኩባንያውም ታሪክ ቢሆን ያው የቅቤ ታሪክ ነው።

ከቶርፊንስ እስከ አበርላወር

ጆሴፍ ዎከር ዳቦ ቤቱን የከፈተው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1898፣ በስኮትላንድ አበርዲንሺር ውስጥ ባለችው በቶርፊንስ መንደር ነው። ዕድሜው 21፣ መነሻ ገንዘቡ 50 ፓውንድ ብድር ነበር። በአካባቢው ሰፋፊ ርስቶች ላይ ለአደን የሚመጡ ባለጸጎች መንገዳቸውን እየለወጡ ሾርትብሬዱን ሊገዙ ይመጡ ጀመር። ገበያው ሲሰፋ በስፔይ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ አበርላወር ተዛውሮ ሰፋ ያለ ሱቅ ያዘ፤ ፈረስና ጋሪም ገዝቶ ራቅ ላሉት መንደሮች ማድረስ ጀመረ።

በ1930ዎቹ ልጆቹ ጄምስና ጆሴፍ ሥራውን ተቀላቀሉ። የኬክና የጣፋጭ ዓይነት ተጨመረ፤ በጋሪው ፋንታ የማከፋፈያ መኪና መጣ። ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ ደረሰ። በብሪታንያ ቅቤና ስኳር ከጃንዋሪ 1940 ጀምሮ በራሽን ሆኑ፤ የስኳሩ ራሽን እስከ 1953፣ የቅቤው እስከ 1954 ቆየ። ከአራቱ ግብዓቶች ሁለቱ በኩፖን የሚሰፈሩበት ዘመን ለማንኛውም የቅቤ ብስኩት ጋጋሪ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም ጆሴፍ፣ ጄምስና ማርጆሪ፣ በ1960ዎቹ ገባ። መንደር ለመንደር ይዞር የነበረው ዳቦ ቤት ወደ ውጭ አገር የሚልክ ፋብሪካ የሆነው በነሱ ጊዜ ነው። ዛሬ ምርቱ ወደ 100 ገደማ አገሮች ይሄዳል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቀይ ጥለቱን ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው። ከአበርላወር ሌላ በኤልጊን ከተማም ይጋገራል፤ ባለቤትነቱ ግን አሁንም በቤተሰቡ እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለጋጋሪ የሚጠቅመው ያልተለወጠው ነገር ነው። ማርጋሪን በፈረንሳይ የተፈለሰፈው በ1869 ነው። ዎከር ሱቁን ሲከፍት ርካሹ ምትክ ገበያ ላይ ነበረ፤ ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም ብዙ ብስኩት ሠሪዎች ወደሱ ሄደዋል። ጋሪው በመኪና፣ ጓዳው በፋብሪካ ሲተካ ቅቤው ግን አልተተካም። ዋጋውን ውድ ያደረገውም፣ ቤተሰቡን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያቆየውም ይኸው ይመስላል።

ልኬቱ

የሚከተለው የኩባንያው የራሱ ልኬት አይደለም። በስኮትላንድ ቤቶች ከጥንት የኖረው የ1፣ 2፣ 3 ስፍር ነው፦ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሁሉም በክብደት። ቅቤው ከጠቅላላው 33 ከመቶ ስለሚሆን ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል።

ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አራት ማዕዘን ትሪ፦
ዱቄት 300 ግራም (ወይም 240 ግራም የስንዴ ዱቄትና 60 ግራም የሩዝ ዱቄት)
ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 200 ግራም
ስኳር 100 ግራም
ጨው 3 ግራም፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ይህ 24 ጣቶች፣ ማለትም እንደ ጣት ረዘም ያሉ ብስኩቶች፣ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ሳይጋገር 25 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛን ከሌለ ከመጀመር ሚዛን መግዛት ይቀድማል። አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ይመጣል፤ ወንፍተው ቢሰፍሩት ይቀልላል፣ ጠቅጥቀው ቢሰፍሩት ይከብዳል። በዚህ ልኬት በኩባያ 30 ግራም መሳሳት ማለት ወይ የሚቀልጥና የሚፈስ፣ ወይ አፍ የሚያደርቅ ብስኩት ማለት ነው።

ቅቤው

የገበታ ቅቤ ቢያንስ 80 ከመቶ ስብ አለው፤ ውኃው እስከ 16 ከመቶ ነው። ቀሪው የወተት ፕሮቲን፣ ስኳርና ማዕድን ነው። ሦስቱም ሥራ አላቸው። ስቡ የዱቄቱን ቅንጣቶች ይሸፍንና ውኃ እንዳያገኛቸው ያደርጋል፤ ውኃ ካላገኘ ደግሞ ግሉተን፣ ማለትም ሊጥን የሚያጠነክረውና የሚያለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን፣ አይፈጠርም፤ ብስኩቱ ጥርስ ላይ የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው። ውኃው ትንሽ ነው፤ በ200 ግራም ቅቤ ውስጥ ከ32 ግራም አይበልጥም። ለ300 ግራም ዱቄት ይህ ሊጡን ለማያያዝ ብቻ ይበቃል። ወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስኳር ቀስ ብሎ ሲጠበስ ያንን የታወቀ መዓዛ ይሰጣል።

አሁን አገር ቤት ያሉ ቅቤዎችን በዚህ መነጽር ብናያቸው፣ ለጋው የገበሬ ቅቤ ከአምራች አምራች የውኃው መጠን ይለያያል፤ ከረጋ እርጎ ስለሚናጥም ኮምጠጥ ይላል። ውኃ ሲበዛ ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ መሳብ ይጀምራል። ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት፤ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ እየጨቆኑ ውኃውን አስወጥተው ይጠቀሙ፤ ጣዕሙ ግን የራሱ ይሆናል። የተነጠረ ቅቤ ሌላ ነገር ነው። ኮረሪማና አብሽ ባይገባበት እንኳ መዓዛ የሚሰጠው የወተት ክፍል ተነጥሮ ወጥቷል፤ የሚወጣው ብስኩት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ሾርትብሬድ ግን አይደለም። ማርጋሪንም ቅርጹን ይሠራል፤ ከጉሮሮ በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው የቅባት ሽፋን ግን ያሳብቅበታል። ጨው ያለበት ቅቤ ብቻ ካገኙ ከልኬቱ ላይ ጨውን ይተዉት።

ቅቤው ከምን ጋር እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ። ስብ ሽታ ይስባል። ከሽንኩርት ጋር ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ቅቤ በወጥ ውስጥ አይታወቅ ይሆናል፣ እዚህ ግን በመጀመሪያው ንክሻ ይታወቃል።

ሙቀቱ ከ17 እስከ 19 ዲግሪ ይሁን። ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ግን የማያብረቀርቅ፣ ጣት ላይም የማይቀባ ማለት ነው። ካብረቀረቀ መቅለጥ ጀምሯልና 15 ደቂቃ ፍሪጅ ይመልሱት። አንድ ጊዜ የቀለጠ ቅቤ ቢቀዘቅዝም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ውኃውና ስቡ ተለያይተዋል።

ዱቄትና ስኳር

ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 10 ከመቶ የሆነ ለስላሳ ዱቄት ይመረጣል። 12 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ለዳቦ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከሱቅ የሚገዛው የፉርኖ ዱቄት ጥንካሬው ካርቶኑ ወይም ከረጢቱ ላይ ካልተጻፈ፣ 60 ግራሙን በሩዝ ዱቄት መተካት ያለሰልሰዋል። የሩዝ ዱቄት ግሉተን የለውም፤ ደግሞም ትንሽ አሸዋማ ንክሻ ይሰጣል፤ ይህም በስኮትላንድ የቆየ ልማድ ነው። የበቆሎ ስታርችም ይሆናል፣ ውጤቱ ግን ይበልጥ የሚሟሟ እንጂ የሚፈረካከስ አይደለም።

የእኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ጥቂት ስለሆነ ትልቁ ፍሬ ሳይሟሟ ይቀራል፤ ሲጋገርም ብስኩቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በወፍጮ ማሽን ለ10 ሰከንድ ያህል ማዞር ወይም በሙቀጫ መለስ ቀለስ ማድረግ ይበቃል። ጨርሶ ዱቄት እስኪሆን አይፍጩት፤ ያኔ ብስኩቱ ድፍን ይልና መፈረካከሱ ይጠፋል።

አሠራሩ

ቅቤውን፣ ስኳሩንና ጨውን በእንጨት ማንኪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዋሕዱ። ማቆሚያው ቦታ ወሳኝ ነው፤ ለኬክ እንደሚደረገው ነጭ አረፋ እስኪሆን አይምቱት። በውስጡ የታመቀው አየር ኦቨን ውስጥ ሲሰፋ ብስኩቱን ያሳብጠዋል፤ ከዚያ መልሶ ይተኛና ጠርዙ ይፈሳል። ማሽን ካለዎት በዝግተኛው ፍጥነት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ።

ዱቄቱን ወንፍተው በሁለት ጊዜ ይጨምሩ። መጀመሪያ በማንኪያ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ይለውሱ፤ መዳፍ ይሞቃል፣ ጣት ይሻላል። ሊጡ መጀመሪያ እንደ ደረቅ ፍርፋሪ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «አልያዘም» ብሎ አንድ ማንኪያ ወተት ወይም ውኃ ይጨምራል። አይጨመርም። በእፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ በቅቶታል። ከዚያ ወዲያ ማሸት ግሉተን መሥራት ነው።

ትሪውን የመጋገሪያ ወረቀት አልብሰው ፍርፋሪውን ይበትኑበትና በጠፍጣፋ ኩባያ ቂጥ እኩል አድርገው ይጫኑ። ውፍረቱ 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ማዕዘኖቹን ይዩ፤ እዚያ የሳሳ እንደሆነ ቀድሞ ያራል። ከዚያ በቢላ እስከ ግማሹ ድረስ መስመር ያስምሩ፦ በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላ በኩል ስምንት ክፍል ሆኖ 24 ጣት እንዲወጣ። እያንዳንዱን ጣት በሹካ ሦስት ቦታ እስከ ታች ድረስ ይውጉ። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ የተደረጉ ይመስላሉ፤ እንፋሎቱ የሚወጣው ግን በነሱ ነው። ካልተወጋ ከታች የታመቀው እንፋሎት ሊጡን ያነሳዋል፤ ላዩ ላይም ፊኛ ያወጣል።

ክብ ማድረግ የሚፈልግ 23 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ትሪ ውስጥ ያንኑ ሊጥ ጨምቆ፣ ዳር ዳሩን በሹካ ጥርስ አትሞ በ12 ሦስት ማዕዘን መከፋፈል ይችላል። ይህኛው ቅርጽ ፔቲኮት ቴይልስ ይባላል። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ትወደው ነበር የሚል ወሬ በየካርቶኑ ይነበባል፤ ወሬ ነው፣ ብስኩት ይሸጣል።

ትሪውን 30 ደቂቃ ፍሪጅ ያስገቡ። ይህን ዕረፍት መዝለል ያስመኛል፤ ነገር ግን ቅቤው ጠንክሮ ካልገባ ዱቄቱ ቅርጹን ሳይዝ ቅቤው ይቀልጣል።

መጋገሩ

ኦቨኑን 160 ዲግሪ ያሙቁ፤ ማራገቢያ ካለው 150። መካከለኛው መደብ ላይ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። በግማሹ ትሪውን አዙሩት፤ አብዛኞቹ የቤት ኦቨኖች ከአንድ ወገን ይበልጥ ያቃጥላሉ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውም ዲግሪ ከእውነተኛው 20 ዲግሪ ሊርቅ ይችላል። ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ይህን ጥርጣሬ ይገላግላል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ከማብሰል ይልቅ ወደ ማድረቅ ያደላል። ሙቀቱ ዝቅ ያለው፣ ላዩ ሳይጠቁር መሐሉ እንዲደርቅ ነው። በ180 ዲግሪ የተጋገረ ሾርትብሬድ በ25 ደቂቃ ያማረ ቀለም ያወጣል፤ ሲቆርሱት ግን መሐሉ ላይ የረጠበ፣ ጥሬ ዱቄት ዱቄት የሚል ግራጫ መስመር አለ። የሚፈለገው ቀለም መሐሉ የገለባ፣ ጠርዙ ቀለል ያለ ወርቃማ ነው። ቡናማ ከሆነ የቅቤው ጣዕም በመራራው ተሸፍኗል።

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚህ የተነሣ ከውጭ የተቀዱ የኬክ ልኬቶች እዚህ አብጠው ይወድቃሉ። ሾርትብሬድ የሚያስነሳው ነገር ስለሌለው የሚወድቅበትም ምክንያት የለም፤ ውኃው ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚወጣ ብቻ ከ35ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይዩት። መብራት በመሐል ቢጠፋም እንደ ኬክ አይበላሽም፤ በሩን ሳይከፍቱ ይቆዩ፣ ሲመለስ የጎደለውን ደቂቃ በቀለሙ እያዩ ያሟሉ።

እንደወጣ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ቀድሞ ባሰመሩት መስመር ላይ ቢላውን እስከ ታች ያውርዱ። ሲቀዘቅዝ የሚቆርጥ ሰው ፍርፋሪ እንጂ ጣት አያገኝም፤ ስቡ ከረጋ በኋላ ብስኩቱ እንደ ብርጭቆ የፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል። ከቆረጡ በኋላ ትሪውን መልሰው በጠፋው ኦቨን ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ 10 ደቂቃ ቢተዉት በተቆረጠው ጎን በኩል የቀረው እርጥበት ይወጣል። ከትሪው የሚነሳው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ትኩሱን ማንሳት መስበር ነው።

ሲበላሽ

ተዘርግቶ ጠርዙ ከሳሳ ቅቤው ሞቋል፣ ወይ ከመጠን በላይ ተመቷል፣ ወይ ዱቄቱ ጎድሏል። በመጀመሪያ ቅቤውን ይጠርጥሩ፤ ከአምስት አራቱ ጊዜ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሲነክሱት ከመፈረካከስ ይልቅ ከጠነከረ ሊጡ በዝቶ ታሽቷል፣ ወይም ዱቄቱ የዳቦ ነው፣ ወይም አንድ ሰው በድብቅ ውኃ ጨምሯል። የተጋገረውን ማዳን አይቻልም፤ ፈጭቶ ለቺዝኬክ መሠረት ማድረግ ይቻላል።

ሳይነኩት የሚበተን ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፍርፋሪው በደንብ አልተጫነም ወይም የሩዝ ዱቄቱ ከሩቡ አልፏል። ታችኛው ገጽ ቅባት ሲያወጣ ቅቤው ሲለወስ ቀልጦ ነበር። ጠርዙ ጠቁሮ መሐሉ ጥሬ ከሆነ ኦቨኑ በጣም ሞቋል፣ ወይም ትሪው ጥቁርና ስስ ነው፤ ጥቁር ብረት ሙቀት ስለሚስብ 10 ዲግሪ ይቀንሱለት። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ጣዕሙ ብቻ ባዶ ከሆነ ጨው ተረስቷል። 3 ግራም ጨው ብስኩቱን ጨዋማ አያደርገውም፤ ቅቤውን ግን ያሰማዋል።

ማቆየትና ማሸግ

የሾርትብሬድ ጠላት እርጥበት ነው። ስኳርና ደረቅ ዱቄት ውኃን ከአየር ይስባሉ፤ ክፍት ሳህን ላይ ያደረ ብስኩት በማግሥቱ ይለሰልሳል። የብስኩት ነጋዴዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። በእንግሊዝ ሬዲንግ ከተማ በ1822 የተመሠረተው የሃንትሊ ቤተሰብ ብስኩት ቤት፣ በኋላ ሃንትሊ ኤንድ ፓልመርስ የተባለው፣ በሠረገላ ለሚያልፉ መንገደኞች ብስኩቱን በቆርቆሮ ያሽግ ነበር፤ ከልጆቹ አንዱም ቆርቆሮውን መሥራት ራሱን የቻለ ሥራ አደረገው። በጀርመን ሃኖቨር የባልዘን ቤተሰብም በ1904 እርጥበት የማያስገባ ማሸጊያ አውጥቶ ስሙን በዚያ ላይ ገነባ። ቤት ውስጥ ክዳኑ ጠበቅ ያለ ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ በቂ ነው። ብስኩቱ እጅ ላይ ምንም ሙቀት ሳይሰማ ሲቀር ብቻ ይገባል፤ ለብ እያለ የታሸገ ከሆነ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ከቅመም፣ ከቡናና ከሳሙና አጠገብ አይቀመጥ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣዕሙ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የበሰለ ነው። የለሰለሰውን በ150 ዲግሪ ለ8 ደቂቃ አሙቀው ቢያቀዘቅዙት ይመለሳል። ያልተጋገረውን ሊጥ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ማቆየት ይቻላል።

ለሽያጭ የሚጋግሩ አንድ ሒሳብ ይያዙ። ከሊጡ ክብደት ከ8 እስከ 10 ከመቶ ያህሉ በእንፋሎት ይሄዳል። 200 ግራም ተብሎ የሚሸጥ ፓኬት 200 ግራም ሊጥ ከተመደበለት ገዢው ሚዛን ላይ 182 ግራም አካባቢ ያገኛል፤ ስለዚህ ከ220 ግራም ሊጥ ይነሡ፣ ከዚያም የራስዎን ኦቨን አንድ ሙሉ ትሪ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ መዝነው ቁጥሩን ያስተካክሉ። ዋጋ ሲያወጡም ከቅቤው ይጀምሩ፤ ከወጪው ትልቁ ድርሻ እሱ ስለሆነ የቅቤ ዋጋ በተነሣ ቁጥር የፓኬቱ ዋጋ እንደገና መሰላት አለበት። ዋጋው አልወጣ ካለ ጣቶቹን ከ24 ወደ 30 አሳንሰው በቁጥር ይሽጡ እንጂ ግማሹን በማርጋሪን አይተኩ።